ሻጋታ ነው፣ ቆዳ በል ነው ወይስ ባክቴሪያ? ጅማ ላይ ለትምህርት የተቀመጠ አስከሬንና አጥንት እንዳይበላሽ የትኛው መንገድ ያዋጣል

ጅማ ላይ ዝናቡ ሲበረታ የአናቶሚ (የሰውነት አካል ትምህርት) ላብራቶሪ የሚይዙ፣ የአጥንት ሳጥን ፈርመው የተረከቡ፣ የሙዚየም ዕቃ ቤት የሚጠብቁ ሰዎች የሚደዋወሉት በአንድ ጥያቄ ነው፦ «ምን ኬሚካል ልግዛ?» ከዛ አንዱ ፎርማሊን ጨምርበት ይላል፣ ሌላው የለም መፍትሄው ፍሪዘር ነው ይላል፣ እህል ነጋዴ ዘመድ ያለው ደሞ «የነቀዝ ክኒን በላስቲክ አፍነህ ጣልበት» ተብሎ ይመጣል፣ ኢንተርኔት ላይ ያነበበው ኦክስጅኑን ማስወጣት ነው ብሎ ይከራከራል። የሚገርመው ሁሉም ልክ ናቸው፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለሌላ ሰው ችግር ነው ልክ የሆኑት። ጥንዚዛ የሚጨርሰው ነገር ሻጋታ ላይ ምንም አያመጣም፣ ባክቴሪያ የሚያቆመው ደሞ ደረቅ አጥንት ላይ ለሚመጣ ትል አይሆንም፣ ብር ወጥቶ ከዛ «ኬሚካሉ ፎርጅድ ነው» ይባላል።

ስለዚ እዚ ጋ የማወዳድረው ሁለት ነገር ነው፣ መጀመሪያ የሚበሉትን፣ ከዛ መከላከያዎቹን። የማወራውም በመድኃኒት የተያዘ ካዳቨር (ለትምህርት የተዘጋጀ አስከሬን)፣ ደረቅ አጥንት፣ በራሱ የደረቀ አስከሬን፣ ፀጉርና ቆዳ ያለበት የቆየ ቅሪት ላለው ሰው ነው።

በምን እንመዝን?

የኬሚካል ሻጭ የሚነግራችሁ «ይገድላል» የሚለውን ብቻ ነው፣ እሱ አይበቃም። የኔ መመዘኛ እንዲህ ነው። አንደኛ ማንን ነው የሚገድለው፣ ሁለተኛ ገድሎ ሲያበቃ ተመልሶ እንዳይመጣ ያደርጋል ወይስ የዛን ቀን ብቻ ነው የሚሠራው፣ ሦስተኛ ናሙናውን ራሱን ምን ያደርገዋል (አጥንት ይሰነጥቃል? ቆዳ ያጠነክራል? ነገ ዲኤንኤ ይወጣ ቢባል ያበላሻል?)፣ አራተኛ አጠገቡ ለሚቆመው ሰው ማለትም ለቴክኒሻኑ፣ ለተማሪው፣ ለፅዳት ሠራተኛዋ አደጋው ምን ያህል ነው፣ አምስተኛ መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል። አምስተኛውን ከውጭ የተጻፉ መመሪያዎች ላይ ብዙም አታገኙትም፣ እኛ ጋ ግን ግማሹን ውሳኔ የሚወስነው እሱ ነው። ዋጋ ስድስተኛ ነው፣ የመግዣው ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ የሚጠይቀው ጭምር።

የሚበላው ማነው?

*ሻጋታ።* ጅማ ላይ ዋናው ጠላት ይሄ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከሱ በኋላ ይመጣል። ከተማዋ ከባህር ወለል 1,700 ሜትር በላይ ነች፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች፣ ዝናቡም ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻና ከዛም በላይ ይቆያል። ሻጋታ ደሞ እንዲያድግ የቆመ ውሃ አይፈልግም፣ የክፍሉ የአየር እርጥበት ከ65 እና 70 በመቶ ካለፈ በቂው ነው፣ 80 ሲደርስ በቀናት ውስጥ ታዩታላችሁ። ቡና ከ12 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ መጋዘን ከገባ ምን እንደሚሆን እዚ አገር ላደገ ሰው አይነገርም፣ አስከሬንም እንደዛው ነው፣ እንደውም የሚመጡት ዘመዳሞች ናቸው፣ አስፐርጊለስና ፔኒሲሊየም።

ካዳቨር ላይ ከየት እንደሚጀምር ማወቅ ጥሩ ነው። ደረቱ ላይ አይደለም። የእግር ጣቶች መሃል፣ የጆሮ እጥፋት፣ ብብት፣ ጥፍር ስር፣ መድኃኒቱ በደም ስር ሲገፋ በደንብ ያልደረሰበትና አቡጀዲው ያልሸፈነው ቦታ ነው። መጀመሪያ የተበጠሰ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር፣ ከዛ መሃሉ አረንጓዴ ወይ ጥቁር ይላል። ሁሉም ነጭ ነገር ግን ሻጋታ አይደለም! ከፎርማሊን ራሱ የሚወጣ ነጭ ዱቄት አለ፣ ጨውም አለ፣ ስቡ ተለውጦ ሳሙና የመሰለበትም ያጋጥማል። በማጉያ መነፅር እዩት፣ ክር ክር ያለው ሻጋታ ነው፣ ክሪስታል የሚያብረቀርቅ ከሆነ ጨው ነው፣ እንደ ጥርስ ሳሙና ለስልሶ በጣት የሚዳጥ ከሆነ ስብ ነው። ይሄን ሳይለዩ ጠንካራ ፀረ ሻጋታ ሲያፈሱበት የከረሙ አውቃለሁ፣ ነጩ ነገር ግን ጨው ነበር።

አንድ ነገር ደሞ ብዙ ሰው አያስተውለውም፣ ካዳቨር እንዳይደርቅ የሚጨመረው ግሊሰሪን ራሱ ከአየር ውሃ ይስባል። ደረቅ አገር ላይ ይሄ ፀጋ ነው። ጅማ ክረምት ላይ ግን የቆዳውን ላይ ሁልጊዜ እርጥብ ያደርገዋል፣ ፎርማልዴሃይዱ (ፎርማሊን ውስጥ ያለው ጋዝ) ደሞ ቀስ እያለ እየተነነ ይሄዳል፣ ስለዚ ግሊሰሪን በዝቶ ፀረ ሻጋታ ካነሰ ለሻጋታው ምቹ አልጋ ነው ያነጠፋችሁለት።

*ባክቴሪያ።* ባክቴሪያ ከሻጋታ በላይ ውሃ ይፈልጋል፣ ስለዚ በደንብ መድኃኒት የገባበትና የደረቀ ነገር ላይ ብዙ ጊዜ ተኝቶ ነው የሚኖረው። ተኝቶ ግን አለ። ቺሊ ውስጥ አሪካ ከተማ ያሉት የቺንቾሮ ሙሚዎች (ደርቀው የቆዩ የጥንት አስከሬኖች) ከ7,000 ዓመት በፊት ጀምሮ የተዘጋጁ ናቸው፣ ከግብፆቹም ይቀድማሉ፣ ያን ሁሉ ዘመን ቆይተው በቅርብ ጊዜ ቆዳቸው ወደ ጥቁር ዝልግልግ ነገር መለወጥ ጀመረ። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ሲያዩት የተለየ ክፉ ተህዋሲ አይደለም፣ በማንኛችንም ቆዳ ላይ የሚኖር ተራ ባክቴሪያ ነው፣ የተለወጠው የአካባቢው እርጥበት ነው። እርጥበቱ ከ40 እስከ 60 በመቶ መሃል ይሁን ነው ያሉት። እኔ ይሄን ሳነብ የገባኝ «ጥሩ ተደርጎ ተዘጋጅቷል» የሚባል ነገር ዋስትና እንዳልሆነ ነው፣ ክፍሉ ከተለወጠ አለቀ።

ጤናን በተመለከተ ደሞ አንድ ነገር ልበል፣ ፎርማሊን ገብቶበታል ማለት ምንም ተህዋሲ የለውም ማለት አይደለም። የቲቢ ባክቴሪያ በመድኃኒት በተያዘ አስከሬን ሳንባ ውስጥ በሕይወት የተገኘበት ጊዜ አለ። ጓንትና ማስክ እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚወጣ ነገር አይሁን።

*ቆዳ በል ጥንዚዛና ብል።* ቆዳ ነጋዴዎች ይሄን ጥንዚዛ ከኛ በላይ ያውቁታል፣ ሳይንሱ ደርመስቲስ ይለዋል። ትልልቅ ሙዚየሞች አጥንት ከሥጋ ለማፅዳት ሆን ብለው ያረቡታል፣ ስለዚ ምን ያህል በሊታ እንደሆነ ገምቱ። የሚበላው እጩ ነው፣ ቡናማ፣ ፀጉራም፣ ስትነኩት የሚሸሽ። ሙቀቱ ከተመቸው ከእንቁላል እስከ ጥንዚዛ ስድስት ሰባት ሳምንት ቢፈጅበት ነው። ራሱን ባታዩት እንኳ ምልክቱን ታያላችሁ፣ ሳጥኑ ስር ገለባ የመሰለ የተገፈፈ ፀጉራም ቅርፊትና ክር ክር ያለ ደረቅ ኩስ ይከማቻል። ሌላው ደሞ እጩ ሊለወጥ ሲል ጠንካራ ነገር ይቦረቡራል፣ እንጨትም ጭምር። ጅማ የእንጨት ሥራ አገር ስለሆነች ሁሉም ሰው የሚያምር የዋንዛ ሳጥን ያሠራል፣ ለወንበር ጥሩ ነው፣ ለአጥንት ግን ክዳኑ በጎማ የሚታሸግ የፕላስቲክ ሳጥን ይሻላል።

ንፁህ አጥንት ቆዳ በልን አይስብም። የሚስበው ስቡ በደንብ ሳይወጣለት የተቀመጠ አጥንት ነው፣ ቢጫ የሚያደርገው፣ ስትይዙት እጅ ላይ የሚቀባው፣ በተለይ የጭን አጥንት ጫፍና አከርካሪ። ብል ደሞ ፀጉር፣ ጥፍር፣ ሱፍ ልብስ ላይ ነው ሥራው። ጥቃቅን ማይቶችና የመጽሐፍ ቅማል የሚባሉት ካሉ ሻጋታ እየበሉ ነው፣ እነሱን መግደል ትርፍ የለውም፣ ሻጋታውን አጥፉ እነሱም ይሄዳሉ።

*ዝንብ፣ አይጥ፣ ምስጥ።* ዝንብ ገና መድኃኒት ያልገባበት አስከሬን ላይ ነው አደጋው፣ ወንፊት መስኮትና የተሸፈነ አልጋ ይበቃዋል። አይጥ ጣትና አፍንጫ ይጀምራል፣ የበር ስር ክፍተት ዝጉ። ምስጥ አስከሬኑን አይፈልግም፣ የሚፈልገው ካርቶኑንና የእንጨት መደርደሪያውን ነው፣ ግን መለያ ወረቀቱን በልቶ ሲጨርስ ናሙናው የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

መከላከያዎቹ፣ አንድ በአንድ

*እርጥበት መቆጣጠር።* ዲሂዩሚዲፋየር (የክፍሉን አየር የሚያደርቅ ማሽን)፣ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ እንክብል)፣ የሚታሸግ ሳጥን። ይሄ ማንንም «አይገድልም»፣ ለዛ ነው ሰው የሚንቀው። ግን ሻጋታንም ባክቴሪያንም የሚያስቆምና ቆሞም የሚያቆይ ዋናው መንገድ ነው፣ ከ45 እስከ 55 በመቶ ላይ ከያዛችሁት የስፖር (የሻጋታ ዘር) ብዛት ግድ አይሰጣችሁም። ከ40 በታች አትውረዱ፣ ጥርስ ይሰነጠቃል፣ የደረቀ ቆዳ ይሸራረፋል። ማሽኑ መስኮት ተከፍቶ ከሠራ የጅማን ሰማይ ለማድረቅ እንደመሞከር ነው፣ ክፍሉ መዘጋት አለበት። መብራት በየጊዜው የሚጠፋበት ቦታ ላይ ከሆናችሁ ማሽኑን እርሱትና ሲሊካ ጄል በሚታሸግ ሳጥን አድርጉት። ብርቱካናማውን ግዙ፣ ሰማያዊው ኮባልት ያለበት ነው። ቀለሙ ሲለወጥ ኦቨን ውስጥ 120 ዲግሪ አካባቢ አድርቆ መልሶ መጠቀም ይቻላል፣ ስለዚ አንዴ ነው የሚገዛው። ውሃ እያንጠባጠበ የሚሟሟውን የእርጥበት መጣጭ ግን አጥንት አጠገብ አታስገቡ።

እዚ ጋ ብዙ ተቋም የሚሳሳትበት ነገር አለ። የካዳቨር ክፍል አየር መውጫ ይፈልጋል፣ ጋዙ እንዲወጣ። የአጥንት ክፍል ደሞ መዘጋት ይፈልጋል፣ እርጥበት እንዳይገባ። ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ አድርጋችሁ ከሆነ ምንም ማሽን ብትገዙ አንዱን ለማዳን ሌላውን ትጎዳላችሁ። በጀት ከመጠየቃችሁ በፊት ለዩአቸው፣ መጋረጃ አይደለም፣ ግድግዳ።

*ፎርማሊንና ቤተሰቡ።* ለእርጥብ ካዳቨር እስካሁን በዋጋ የሚወዳደረው የለም። ፕሮቲኑን ስለሚያስረው ባክቴሪያም ዝንብም አይፈልገውም። ድክመቱ ሁለት ነው። ሻጋታ ላይ ብቻውን ብዙም አይዘልቅም፣ ለዛ ነው ፊኖል ወይም ታይሞል የሚጨመረው፣ ፊኖል ደሞ ቆዳ ያቃጥላል፣ በቆዳም ገብቶ ይመርዛል። ሁለተኛ ፎርማልዴሃይድ የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጠው ምድብ ውስጥ ያስገባው ነው፣ ዓይን የሚያስለቅሰው ሽታ «ላብራቶሪ እኮ ነው ምን ታደርገዋለህ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ሒሳቡም ላይ ሰው ይደናገራል። በርሜሉ ላይ ያለው ከ37 እስከ 40 በመቶ ፎርማልዴሃይድ ነው። «10 በመቶ ፎርማሊን» ሲባል ከሱ አንድ እጅ፣ ከውሃ ዘጠኝ እጅ፣ ማለትም ወደ 4 በመቶ ፎርማልዴሃይድ። 10 በመቶ ፎርማልዴሃይድ ብሎ የገባው ሰው ሁለት እጥፍ ተኩል አድርጎ ይበጠብጣል፣ አስከሬኑ እንጨት ይሆናል፣ ተማሪው ያለቅሳል፣ ሻጋታው ደሞ ጋዙ ሲተን ጠብቆ ይመጣል።

ሻጋታ ከታየ ቦታውን ቆርጦ መጣል የሚቻል ከሆነ መጣል፣ ካልሆነ 70 በመቶ አልኮል በነከረ ጨርቅ መጥረግና አቡጀዲውን መቀየር (96ቱ ይበልጣል የሚሉ አሉ፣ ውሃ ያለበት ነው የተሻለ ሰርስሮ የሚገባው)። በረኪና አታፍሱ! ከፎርማሊን ጋር አይስማማም፣ አጥንት ላይ ከሆነ ደሞ ውስጡን ይበላና ከጊዜ በኋላ ኖራ አድርጎ ያስቀረዋል። አንድ ነባር የላብ ሠራተኛ ነጭ አጥንት ለማሳየት በረኪና ሲያነሱ «ጋሼ ተዉት» ብያቸው «ልጄ፣ ነጭ ካልሆነ ተማሪው አይነካውም» ነው ያሉኝ። ለማንጣት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አለ፣ እሱም ስቡ ከወጣ በኋላ ነው።

ከፎርማሊን ለመሸሽ ሌሎች አሉ። የኦስትሪያው ቫልተር ቲል በ1992 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ ሰውነቱን ለስላሳ ያቆያል፣ ለቀዶ ጥገና ልምምድ ምርጥ ነው፣ ግን ኬሚካሉ ብዙ ነው፣ ገንዳም ይፈልጋል። በጨው የተሞላ መፍትሄ ርካሽና ለስላሳ ነው፣ እዚ አገር ቢሞከር የምመኘው እሱን ነው፣ ላዩ ላይ ሻጋታ እንዳይነሳ ግን መከታተል ይጠይቃል።

*ማቀዝቀዝ።* ሁለት የተለያየ ነገር ነው፣ ሰው ይቀላቅለዋል። የሬሳ ማቆያ 4 ዲግሪ መበስበስን ያዘገያል፣ አያቆምም፣ 4 ዲግሪ ላይ የሚያድግ ሻጋታም ሞልቷል። ነፍሳት ለመግደል የሚደረገው ሌላ ነው፣ ደረቅ አጥንት ወይም ፀጉር ያለበት ቅሪት በላስቲክ ታሽጎ አየሩ ተጨምቆ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ለእርግጠኝነት ሁለት፣ ከዜሮ በታች 30 የሚደርስ ፍሪዘር ካለ ሦስት ቀን። በፍጥነት መቀዝቀዝ አለበት፣ ቀስ ካለ ነፍሳቱ ይለምዱታል። ሲወጣም ላስቲኩን ቶሎ አትክፈቱ፣ አንድ ቀን ይቆይ፣ አለበለዚያ ጠል ይይዘውና ብል አጥፍታችሁ ሻጋታ ትጋብዛላችሁ። መሃል ላይ መብራት ከጠፋና ከሞቀ ቆጠራው እንደገና ይጀመር። ሻጋታን አይገድልም፣ ስፖሩ በብርዱ ይተኛና ሲሞቅ ይነሳል።

ዝነኛው የበረዶ ሰው ኦትዚ፣ በ1991 እ.ኤ.አ. አልፕስ ተራራ ላይ የተገኘው፣ ጣሊያን ቦልዛኖ ውስጥ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪና 99 በመቶ በሚጠጋ እርጥበት ነው የሚቀመጠው። «ኦትዚ እንደዛ ነው የተያዘው» ብሎ የሚከራከር ሰው ካጋጠማችሁ እሱ ከነበረዶው የመጣ እርጥብ ሙሚ ነው፣ ቀን ከሌት የሚጠብቀው ማሽንም አለው፣ ለደረቅ ነገር ያን ያህል እርጥበት ጥፋት ነው።

*ኦክስጅን ማስወጣት።* ናሙናው ኦክስጅን በማያሳልፍ ፕላስቲክ ይታሸጋል፣ ውስጡ የብረት ዱቄት ያለበት ኦክስጅን መጣጭ ከረጢት ይገባል፣ ኦክስጅኑ ከ0.5 በመቶ በታች ወርዶ ሦስት አራት ሳምንት ይቆያል፣ ጅማ ማታ ስለሚበርድ እኔ ወደ አምስት ባስጠጋው ይሻለኛል። ነፍሳትን ከእንቁላላቸው ይጨርሳል፣ ናሙናውን አይነካም፣ ሰው አይመርዝም፣ መብራት አይፈልግም። ለደረቅ ነገር ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው። ካይሮ ሙዚየም ውስጥ ለንጉሣውያኑ ሙሚዎች ናይትሮጅን የተሞሉ ሳጥኖች የተሠሩትም በዚሁ ሐሳብ ነው።

ጥንቃቄው፦ ተራ ላስቲክ ኦክስጅን ያሳልፋል፣ አይሆንም። ቡና ላኪዎች የሚጠቀሙበት አየር የማያስገባ ከረጢት መርካቶም ጅማም ስለሚገኝ ሰው እሱን ገዝቶ አጥንት ይከትበታል፣ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም ግን ብቻውን አይሠራም። እህል ውስጥ ኦክስጅኑን የሚጨርሱት እህሉና ነቀዙ ራሳቸው ተንፍሰው ነው፣ ደረቅ አጥንት አይተነፍስም፣ መጣጩን እናንተ ማስገባት አለባችሁ። እርጥብ ነገር ደሞ ጭራሽ አታሽጉበት፣ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች እኮ አሉ።

*የነቀዝ ክኒንና ሌላ ጋዝ።* አሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒኑ የአየር እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን ይለቃል፣ ጥንዚዛም ብልም አይጥም ይገድላል። ሰውም ይገድላል፣ ማርከሻ የለውም። ሻጋታ አይነካም፣ የመዳብና የብር ጌጥ ወይም የአጥንት ማያያዣ ሽቦ ያጠቁራል። ተማሪ የሚገባበት ሕንፃ ውስጥ «ፈቃድ ባለው ባለሙያ፣ ባዶ መጋዘን» ካልሆነ በቀር አልመክርም፣ ርካሽ ስለሆነ ብቻ የሚመረጥ ነገር አይደለም። ናፍታሊን ኳስ ብልን ያሸሽ ይሆናል፣ ለቆዳ በል ግን ቀልድ ነው።

*ጋማ ጨረር።* የግብፁ ንጉሥ ዳግማዊ ራምሴስ ሙሚ በ1976 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ተወስዶ ፈንገስ በልቶት ስለተገኘ በ1977 በኮባልት 60 ጋማ ጨረር ታክሟል። ሻጋታንም ነፍሳትንም አንዴ ይጨርሳል፣ ቅሪት አይተውም፣ ነገር ግን ለዲኤንኤ መጥፎ ነው፣ ከወጣ በኋላም ክፍሉ እርጥብ ከሆነ እንደ አዲስ ይጀምራል። እኛ ደረጃ ላይ ለእውቀት ያህል ነው።

*ፕላስቲኔሽን።* ጉንተር ፎን ሀገንስ በ1977 እ.ኤ.አ. ጀርመን ሃይድልበርግ የፈጠረው፣ ውሃውና ስቡ በአሴቶን ወጥቶ በምትኩ ሲሊኮን የሚገባበት። ሻጋታ የሚበላው ነገር አይቀርለትም፣ ሽታ የለው፣ በእጅ ይያዛል፣ ጅማ ክረምት ግድ አይሰጠውም። መሣሪያው ውድ ነው፣ አሴቶን ደሞ እሳት ነው። ራስን ችሎ ከመሥራት የተዘጋጀ ጥቂት አካል መግዛት ይቀላል።

በአንድ እይታ

| መንገድ | ሻጋታ | ባክቴሪያ | ጥንዚዛና ብል | ተመልሶ እንዳይመጣ | ለሰው አደጋ | መብራት ሲጠፋ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| ሲሊካ ጄልና የሚታሸግ ሳጥን | ያቆማል | ያቆማል | ሳጥኑ መግቢያ ይከለክላል | አዎ | የለም ማለት ይቻላል | ችግር የለም | ዝቅተኛ |
| ዲሂዩሚዲፋየር | ያቆማል | ያቆማል | በቂ አይደለም | እስከሠራ | የለም | ይቆማል | መካከለኛ |
| ፎርማሊን ብቻ | ደካማ | ጥሩ | ጥሩ | በከፊል | ከፍተኛ | ችግር የለም | ዝቅተኛ፣ በየዓመቱ |
| ፎርማሊን ከፊኖል ጋር | ጥሩ | ጥሩ | ጥሩ | የተሻለ | ከፍተኛ | ችግር የለም | መካከለኛ |
| ፍሪዘር (ለደረቅ) | አይገድልም | አይገድልም | ይገድላል | አይደለም | የለም | እንደገና ይጀመራል | መካከለኛ |
| ኦክስጅን ማስወጣት (ለደረቅ) | ያስተኛል | ለእርጥብ አይሆንም | ይገድላል | እንደታሸገ ከቆየ | ዝቅተኛ | ችግር የለም | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |
| የነቀዝ ክኒን | አይነካም | አይነካም | ይገድላል | አይደለም | ገዳይ | ችግር የለም | ዝቅተኛ |
| ጋማ ጨረር | ይገድላል | ይገድላል | ይገድላል | አይደለም | በባለሙያ ብቻ | አይመለከተንም | ከፍተኛ |
| ፕላስቲኔሽን | ምግብ ያሳጣል | ምግብ ያሳጣል | ምግብ ያሳጣል | አዎ | ሲዘጋጅ አሴቶን | ሲዘጋጅ ብቻ | ከፍተኛ |

እናንተ የቱ ጋ ናችሁ?

ከሁሉም በፊት፣ በጀታችሁ የፈለገውን ቢሆን፣ የእርጥበት መለኪያ ግዙ። ትንሿ ዲጂታሏ ከአንድ ጀሪካን ኬሚካል ትረክሳለች። ጠዋትና ማታ ጻፉ፣ ሐምሌ ላይ 80 ካሳየቻችሁ ስለ ፈንገስ መድኃኒት የምትከራከሩበት ምክንያት የለም፣ ጣሪያውንና መስኮቱን ነው የምታዩት።

*አዲስ የግል ጤና ኮሌጅ፣ ካዳቨር አንድ ሁለት፣ ብር የሌለው።* ፎርማሊን ከትንሽ ፊኖል ጋር፣ ግሊሰሪን ሳይበዛ፣ በአቡጀዲ ጠቅልሎ ከላይ በላስቲክ፣ በየሳምንቱ ጣትና ጆሮ ገልጦ ማየት። አየር ማስወጫ ቬንቲሌተር ከመብራትም ይበልጥ ያስፈልጋችኋል፣ ማስወጫው ከታች በኩል ይሁን፣ ጋዙ ወደ ተማሪው አፍንጫ ሳይወጣ ከጠረጴዛው ደረጃ እንዲሳብ። ይሄን ማድረግ ካልቻላችሁ ካዳቨሩን አትቀበሉ፣ በሞዴልና በአጥንት አስተምሩ፣ ነውር የለውም።

*አጥንት ብቻ ያላችሁ።* ቀላሉ ቦታ ላይ ናችሁ። ቢጫና ቅባታም የሆኑትን ለዩና ስባቸውን አውጡ፣ ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ ለሳምንታት እየቀየሩ መዘፍዘፍ ይሠራል፣ መቀቀል አይደለም። በደንብ ካደረቃችሁ በኋላ የፕላስቲክ ሳጥን ከሲሊካ ጄል ጋር። ቅርፊት ያያችሁበት ሳጥን ካለ እሱን ብቻ ኦክስጅን አስወጡለት፣ ሁሉንም አታንቀሳቅሱ። መለያውን በእርሳስ ጻፉት፣ እስክሪብቶ አልኮል ሲነካው ይጠፋል።

*ሙዚየም ወይም የእምነት ቦታ፣ የቆየ ደረቅ ቅሪት ያለው።* ላሊበላ አካባቢ ይምርሃነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ ያሉት አስከሬኖች ያለ ማንም ኬሚካል እዚ የደረሱት ቦታው ደጋና ደረቅ ዋሻ ስለሆነ ነው፣ ጅማ ላይ ያንን ዋሻ ሳጥን ውስጥ መፍጠር አለባችሁ። ኬሚካል አትንኩ፣ አልኮልም ቢሆን፣ ጨርቁንና ፀጉሩን ያበላሻል፣ የወደፊት ምርመራም ያሰናክላል። የሚታሸግ ሳጥን፣ እርጥበቱ 50 አካባቢ፣ ነፍሳት ካሉ ኦክስጅን ማስወጣት። ደሞ የሚመለከታቸውን ቤተሰብ፣ ካህናት ወይም ሼኮች ሳያማክሩ ሳጥን አይከፈትም፣ የሰው አካል ነው።

*ትንሽ ብር ያለው ዩኒቨርሲቲ።* ማሽን ከመደርደራችሁ በፊት ሁለቱን ክፍል ለዩ። ከዛ የአጥንቱ ክፍል ዲሂዩሚዲፋየር ከጄኔሬተር መስመር ጋር፣ የካዳቨሩ ክፍል አየር ማስወጫ። የተረፈውን ብር በተደጋጋሚ በተማሪ እጅ ለሚነኩ አካላት፣ ልብ፣ ኩላሊት፣ ጉልበት፣ ፕላስቲኔሽን የተሠራላቸውን መግዣ አድርጉት። ትልቅ ፍሪዘር እንግዛ የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን የባለፈውን ክረምት የመብራት መጥፋት መዝገብ ይዛችሁ ስብሰባ ግቡ።

*ስሜ ያልተጠራ፣ አንድ የቀበሌ ክሊኒክ ጓዳ ውስጥ ከድሮ የተረሳ የአፅም ሳጥን ያገኘ።* ክፍት አየር ላይ ጓንትና ማስክ አድርጋችሁ ክፈቱት፣ ፎቶ አንሱ፣ ቅርፊት ካለ በላስቲክ አሽጉና ከሌላ ዕቃ አርቁት። ከዛ በፊት ግን ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ፣ ፖሊስንም ጠይቁ፣ ምክንያቱም መዝገብ የሌለው የሰው አጥንት የሻጋታ ጉዳይ ብቻ አይደለም።